ለጊዜው የመጣችው ፔታንግ

እኛ ሰፈር «እዚህ ስንት ጊዜ ኖርክ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልስ አያጣም። «ቆየሁ» ይባላል። ትናንት የተከራየውም «ቆየሁ» ነው የሚለው፤ ሽበቱ እዚሁ የበቀለውም «ቆየሁ» ነው የሚለው። በዚህ ያልረካ ጠያቂ ዓመት አይነገረውም፤ የሚነገረው ምልክት ነው። «የጸሎት ቤቱ ጣሪያ ገና ሳር ሳለ»፣ «ያ ማንጎ ወገቤ ድረስ ሳለ»፣ «የማንግ ኡስቲንግ የፊት ጥርሶች ቦታቸው ላይ ሳሉ»። ሒሳቡን አድማጩ ይሥራ። ማንጎው መቼ፣ የማን ወገብ ድረስ እንደነበረ የማያውቅ ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ቀደም ብሎ መምጣት ነበረበት።

እኔ የጀልባ ሞተር እጠግናለሁ። አንድ ሞተር ስንት ዘመን እንደሠራ ለማወቅ ባለቤቱን አልጠይቅም፤ ባለቤት ይዋሻል። ፈትቼ የፒስተኑን ፋሻ አያለሁ፣ አለቀ። ሰው ግን በብሎን አይፈታም። ስለዚህ ሰፈራችን ማሊናው የሰውን ኑሮ የምትለካው በአፍ ነው፤ አፍ ደግሞ እንደፈለጉ የሚሳብ ሜትር ነው።

አሊንግ ፔታንግ (ትልቅ ሴት «አሊንግ»፣ ትልቅ ወንድ «ማንግ» ነው የምንለው) ወደዚህ የመጣችው ለጊዜው ነበር። ባሏ ዶሚንግ የእኛው ሰፈር ዓሣ አጥማጅ፣ እሷ ከሐይቁ ማዶ፣ ከደሴቷ። ማዶ ስል ሩቅ እንዳይመስላችሁ፤ ጥርት ባለ ጠዋት የእናቷ ቤት ቆርቆሮ ከእኛ ወደብ ሲታይ ያብለጨልጫል፤ ነፋሱ ከፈቀደ የአውራ ዶሯቸው ጩኸት ይሰማል። ለማሊናው ሰው ግን ሐይቅ የተሻገረና ውቅያኖስ የተሻገረ አንድ ነው፤ ሁለቱም መጤ ናቸው። ፔታንግ አንድ ሻንጣ፣ አንድ ድስትና እግሯ የታሰረ ዶሮ ይዛ ከጀልባ ስትወርድ፣ የዶሚንግ አክስት በሯ ላይ ቆማ፣

«ስንት ጊዜ ልትቆዩ ነው?» አለቻት።

«ለጊዜው ነው እትዬ፤ ማዶ ቤት እስክንሠራ።»

የማዶው ቤት አልተሠራም። አክስቲቱ ሞተች፤ ዶሮዋም ከነዘር ማንዘሯ ተበላች፤ የጸሎት ቤቱ ሳር ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮው ደግሞ ኮንክሪት ሆነ። አርባ ዓመት አለፈ። ፔታንግ ግን አሁንም «የማዶዋ» ናት። ነፋስ ከደሴቷ በኩል ነፍሶ የእምቦጭ ክምር ወደባችንን በዘጋ ቁጥር አንዱ ከበሩ ወጥቶ «ፔታንግ! ዘመዶችሽ መጡልሽ!» ይላታል። ይህን ቀልድ የፈጠረው ሰው ከሞተ ቆይቷል፤ ቀልዱ ግን ጤናው ደህና ነው።

ሥራዋ ዓሣ በጭስ ማድረቅ ነው። በርሜሉን የቆረጠላት አባቴ ነበር፤ ታቹ በበሰበሰ ቁጥር የምበይድላት እኔ ነኝ። ዓሣውን በጨው ውሃ ትዘፈዝፈዋለች፣ ለአፍታ ታፈላዋለች፣ ነፋስ ላይ ታጠነፍፈዋለች፣ ከዚያ ወርቅ እስኪመስል በሰጋቱራ ጭስ ላይ ትሰቅለዋለች። ሰጋቱራው የሚመጣው ከጀልባ ሠሪዎቹ ነው። እርጥብ ከሆነ ዓሣው ይመራል፣ ከመጠን በላይ ከደረቀ እሳት ይነሳል፤ እሷ በእፍኟ ጨብጣ ትለየዋለች። ግማሹ ሰፈር ቁርሱን የሚበላው ከዚያ በርሜል ነው። እየበላም «የማዶዋ ዛሬ ጨው አብዝታለች» ይላል፤ ጨው ያልበዛበትን ቀን ግን ማንም አንስቶ አያውቅም።

ባሏን የወሰደው ሐይቁ ነው። አውሎ ነፋስ በመጣበት ቀን መረቡን ሊያድን ወጥቶ አልተመለሰም። ከእኛ በኩል ጀልባ ለማውጣት የደፈረ አልነበረም። ማዕበሉ ሬሳውን ማዶ አደረሰው፤ የፔታንግ ወንድሞች አገኙትና እዚያው ቀበሩት። ይህ ሐዘን ነበር። ኋላ ግን ሰፈሩ ከሐዘኑ ሕግ አወጣበት። «የሰው አገሩ ሙታኑ ያሉበት ነው» ይላል የጸሎት ቤታችን ሹም ማንግ ኡስቲንግ። በዚህ ሒሳብ ፔታንግ እዚህ አንድም ሙት የላትም። ማሊናው ውስጥ ነዋሪ ለመባል መጀመሪያ ሰው መቅበር ያስፈልጋል፤ የሚቀበር ከጠፋ ራስን ማቅረብ ነው።

እንግዲህ ባለፈው ዓቢይ ጾም አሊንግ ሚኒንግ ሞተች፤ ነገሩ የተጀመረው ከዚያ ነው። አሊንግ ሚኒንግ የሳን ሮኬ ጠባቂ ነበረች። ሳን ሮኬ የሰፈራችን ቅዱስ ነው፤ የእንጨት ምስሉ ቁመቱ ከክንድ ትንሽ ይበልጣል፣ በአንድ ጣቱ ጭኑ ላይ ያለውን ቁስል ያሳያል፣ እግሩ ሥር አፏን የከፈተች የእንጨት ውሻ አለች። በነሐሴ በዓሉ ሲደርስ ዘጠኝ ቀን ጸሎት ይደረጋል። በየቀኑ ውሻዋ አፍ ላይ ትኩስ ዳቦ ይደረግላታል፤ ከጸሎቱ በኋላ ዳቦው ለታመመ ሰው ይሰጣል። ምስሉ የሚኖረው ጠባቂዋ ቤት ሲሆን፣ ጠባቂ የምትሆነው ሰፈሩ ውስጥ ብዙ ዘመን የኖረች ሴት ናት። ጠባቂዋ ከሰፈሩ ወጥታ አታድርም፤ ቅዱስ ብቻውን አያድርማ።

ፔታንግ ይህን ሹመት ፈለገችው። ለክብሩ አይደለም። አንድ ልጇ ጆቬን ካቪቴ የሚባል ሌላ ክፍለ ሀገር ውስጥ አንድ ሪል እስቴት ግቢ ቤት ገዝቶ፣ ለእናቱ ክፍል አዘጋጅቶ፣ «ከበዓሉ በማግስቱ መጥቼ እወስድዎታለሁ» ብሏታል። ጆቬን ክፉ ልጅ አይደለም። በየክረምቱ ሐይቁ እናቱ ቤት ይገባል፤ እሱም በየክረምቱ ስልክ ይዞ ይጨነቃል። እሷ ክፍሉን ባለፈው ገና ሄዳ አይታዋለች። መጋረጃ አለው፣ ቬንትሌተር አለው፣ መስኮቱ ሲከፈት የጎረቤት ግድግዳ ይታያል። ግቢው ውስጥ ጭስ ክልክል ነው።

«ሳን ሮኬ እኔ ቤት ከገባ፣ ጆቬን ምን ሊለኝ ነው?» አለችኝ አንድ ቀን ሞተሬ ላይ ጎንበስ ብዬ ሳለሁ። «ቅዱሱን ጥለው ይምጡ ይለኛል?»

«አይልም።»

«አይልማ።»

ዕቅዱ በዚህ ተጠናቀቀ። የጎደለው የሰፈሩ ፈቃድ ብቻ ነበር።

የነሐሴው ጸሎት ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከእሑድ ጸሎት በኋላ ሰው እንዳይበተን ማንግ ኡስቲንግ በሩ ላይ ቆመ። ከፔታንግ ሌላ ለጠባቂነት የቀረበችው አሊንግ ኮንሶንግ ናት፤ ሰፈራችን ውስጥ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ያላት እሷ ብቻ ነች። ማራገቢያዋን እያወዛወዘች ቀድማ ተነሳች።

«እኔ መናገርም አያስፈልገኝም። እዚሁ ተወልጄ ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩ ነኝ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ስትል ሆንግ ኮንግ የሰው ልጅ ስታሳድግ የከረመችበትንም ሃያ ስድስት ዓመት ጨምራ ነው። ሩዝ ገንፎ የምትሸጠው አሊንግ ቶያንግ፣ አፏ እንደ ጭልፋዋ የማያርፍ ሴት፣ ከኋላ ወንበር ጮኸች።

«ኮንሶንግ! ጎርፉ እስከ ገና መንገድ ላይ ተኝቶ የከረመ ዓመት የት ነበርሽ?»

«ሆንግ ኮንግ ነበርኩ! ግን በካርቶን ሰርዲን ልኬያለሁ። አልበላሽም?»

«በላሁ እንጂ፣ ምን ወጣኝ። እንግዲያው እዚህ የኖረው ካርቶኑ ነው። ካርቶኑን እንምረጥ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ማንግ ኡስቲንግ አግዳሚውን መታ።

«ጸጥታ! መወለድ መወለድ ነው። እትብቷ የተቀበረው እዚህ ነው።»

«የት ላይ?»

«ደረጃው ሥር!» አለች ኮንሶንግ። «አያቴ በእጇ ነው የቀበረችው።»

«የትኛው ደረጃ? የእንጨቱን ደረጃ አፍርሰሽ መኪና ማቆሚያ አልሠራሽበትም?»

«መኪናው ሥር ነዋ! የትም አልሄደም!»

«አልሄደም፣ እሱስ እውነት ነው» አለች ቶያንግ። «ከእናንተ ቤት ሳይሰደድ የኖረ እሱ ብቻ ነው። ቅዱሱን ለእትብቱ እንስጠው!»

ኡስቲንግ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ ወደ ፔታንግ ዞረ።

«አንቺስ? ስንት ጊዜ ኖርሽ?»

ፔታንግ ቀሚሷን አስተካክላ ተነሳች። «ቆየሁ።»

«ምልክት?»

«የዚህ ቤት ኮንክሪት ሲፈስ አሸዋውን ከተሸከሙት አንዷ ነኝ። እርስዎ አጠገቤ ቆመው ያፏጩ ነበር። ያኔ ጥርስ ነበረዎት።»

ማንግ ኡስቲንግ አፉን ገጠመ፤ ሲገጥም ይበልጥ ታወቀ። እንደምንም ከፍቶ፣ «እትብትሽስ?» አላት።

«ማዶ ነው። ደመናው ከተገለጠ ከዚህ በር ላይ ይታያል።»

«ሙታንሽስ?»

«እሱም ማዶ ነው ያለው» አለች። «እንዴት እንደሄደ ያውቃሉ።»

በዚህ የሳቀ የለም። የዚያን ቀን ጀልባቸውን አስረው የዋሉት ሰዎች አብዛኞቹ እዚያው አግዳሚ ላይ ነበሩ፤ ሁሉም አንገቱን አቅንቶ ጣሪያውን መመርመር ጀመረ። ጣሪያው ደህና ነው፤ አሸዋው ጥሩ አሸዋ ነበር።

ከዚያ እጅ ይነሳ ተባለ። የፔታንግን ዓሣ በየጠዋቱ የሚያነሱት እጆች ጭን ላይ ተቀምጠው ቀሩ። ለእሷ የተነሱት የቶያንግ፣ የእኔና የጥቂት ደካሞች እጆች ናቸው። ኡስቲንግ የእኔን አይቶ፣ «ባኖ፣ ግራሶ ያለበት እጅ ጸሎት ቤት ውስጥ አይነሳም፤ አውርደው» አለኝ። ሳን ሮኬ ያንኑ ቀን በጃንጥላ ታጅቦ ኮንሶንግ ቤት ገባ።

በማግስቱ ፔታንግ በርሜሏን እያንከባለለች ጋራዤ መጣች።

«ባኖ፣ ይሄ ለሁለት ቢቆረጥ ቫን ውስጥ ይገባል?»

«ይገባል። ጭስ ክልክል ነው ብለውኝ አልነበረም?»

«ክልክል ነው። ምራቴ አበባ እንትከልበት ብላለች።»

ሁለታችንም በርሜሉን አየነው። ጥቁር ነው፤ ከውስጥ የአርባ ዓመት ጭስ እንደ ቫርኒሽ ጠጥቷል። አበባ ቢተከልበት አበባው ዓሣ ዓሣ ይላል።

«መቁረጫ ዲስክ አልቆብኛል» አልኳት።

አዲስ ዲስክ ከጭንቅላቴ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አየችው። «ሲመጣልህ ትነግረኛለህ» ብላ በርሜሉን ትታልኝ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ሩዙን በጨው ይበላ ገባ፤ በሦስተኛው ቀን ሰዎች እየመጡ «ያ ዲስክ አልመጣም እንዴ?» ይሉኝ ጀመር። ቁረጠው ማለታቸው ይሁን አትቁረጠው ማለታቸው ለራሳቸውም የገባቸው አልመሰለኝም።

የኮንሶንግ ቤት ከሰፈሩ ቤቶች ሁሉ ያማረ ነው፤ ይህን ያልሰማ ካለ ራሷ ትነግረዋለች። ሴራሚኩ ፊት ያሳያል። ሶፋው ከሱቅ ከወጣ ጀምሮ ላስቲኩ አልተገፈፈም። የነሐሴ ዝናብ እያወረደው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው ለጸሎት የመጡ ሴቶች በር ላይ ነጠላ ጫማ አውልቁ ተባሉ፤ ቀጥሎ እግር ታጠቡ፤ ቀጥሎ ያንኑ እግር አድርቁ። ቅዱሱ ፊት ሲደርሱ ጸሎቱ ተጋምሷል። ኤሲው ደግሞ እርጥብ ቀሚሳቸው ላይ ነፈሰበት፤ በማግስቱ ሰፈሩ በማስነጠስ ተናወጠ። ሳን ሮኬ የበሽተኞች ቅዱስ ነውና በኮንሶንግ ቤት ሥራ አልፈታም።

ኮንሶንግ ሲንጋፖር ያለችው ልጇ የላከችላት ሞቻ የምትባል ነጭ ጸጉራም ውሻ አለቻት። እኛ ሰፈር ውሻ የሚበላው የተረፈውን ነው፤ ሞቻ ግን ሥዕሏ የታተመበት የራሷ ከረጢት አላት። ሆኖም ትኩስ ዳቦ ትኩስ ዳቦ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የእንጨቷን ውሻ አፍ ስታይ ሰነበተች። አንድ ዓይነት ፍጥረት ሆነው ሳለ ዳቦው ለአንደኛዋ ብቻ መሰጠቱ ሳይከነክናት አልቀረም።

በአምስተኛው ቀን ጸሎት መሪዋ «ከቸነፈር ሁሉ» ስትል፣ ሴቶቹ «ጠብቀን» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ሞቻ ከላስቲኩ ላይ ተንደርድራ ዘለለች። የሄደችው ወደ ዳቦው ነው፤ የያዘችው የጠረጴዛውን ልብስ ነው፤ የመጣው ሳን ሮኬ ነው። ሴራሚክ ደግሞ የወደቀ አይምርም። ቅዱሱን ሲያነሱት ቁስሉን የሚያሳይበት ጣት የለም። ዳቦውም የለም። ሞቻም የለችም።

«ጣቱን በልታዋለች!» አለች ቶያንግ።

«ውሻዬ እንጨት አትበላም! የራሷ ምግብ አላት፣ ከውጭ ነው የሚመጣው!»

«ቅዱሱም ከውጭ ነው የመጣው። ምግቧ መስሏት ይሆናል።»

ማንግ ኡስቲንግ ተጠርቶ መጣና ወሰነ፦ ሞቻ ትታሰር፤ ሁለት ታማኝ ሰዎች ተመድበው ከኋላዋ የሚወጣውን ሁሉ ይመርምሩ። የጸሎት ቤት ሥራ እንዲህ በትጋት ሲሠራ አይቼ አላውቅም፤ ጃንጥላ ይዘው ተፈራረቁላት። ጣቱ ግን አልተገኘም። በመጨረሻ ኮንሶንግ እያለቀሰች ይቅርታ ጠየቀች፣ ውሾን ያነሳ ውሾ ይሁን ተባለና ሞቻ ተፈታች።

ጥገናው ወደ እኔ መጣ። እኔ እንጨት ጠራቢ አይደለሁም፤ ጠራቢው ግን ያለው ሩቅ ከተማ ነው፣ በዓሉ ደግሞ ደጃፍ ላይ ደርሷል። የተሰነጠቀ የሞተር ብረት የምደፍንበትን፣ ከሁለት ቱቦ ተደባልቆ የሚጠነክረውን ማጣበቂያ አዘጋጀሁ፤ ቀጭን ሚስማር አጥንት አድርጌ ጣት አበጀሁለት። ቅርጹ ደህና ወጣ፤ ጥፍር ሳይቀር ሠርቼለታለሁ። ቀለሙ ግን ግራጫ ነው። ሳን ሮኬ ቁስሉን አሁን የሚያሳየው ሞተሩ የቱ ጋ እንደሚያንኳኳ እንደሚጠቁም ሰው ነው።

«መቼ ይደርቃል?» አለ ኡስቲንግ።

«አየሩ እርጥበት አለው። ብርድ አይወድም፤ ኤሲ ያለበት ቤት አይሆንም። የእኔም ወለል ውሃ ይዟል። ሞቅ ያለ፣ ደረቅ ያለ፣ ቀን ሙሉ ፍም የማይጠፋበት ቦታ ይፈልጋል።»

ጋራዡ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ቦታውን አወቀው፤ ቀድሞ የሚጠራው ግን ጠፋ። ዓይን ሁሉ ጥግ ላይ የቆመው በርሜል ላይ አረፈ። ቁርሱን በጨው ሲበላ የሰነበተ ሰው ዓይኑ ርቆ አይሄድም።

«የማዶዋ ቤት?» አለ ኡስቲንግ በመጨረሻ።

«ለጊዜው» አልኩት።

«ስንት ጊዜ?»

«ቆየት ይላል።»

ከኮንሶንግ ጠብ ጠብቀን ነበር። እሷ ግን ኡስቲንግን በክንዱ ይዛ ወደ ጎን ወሰደችው። «ከሰፈሩ ወጥቶ አይታደርም የሚባለው... ለገናም ነው?»

«ለገናም ነው።»

«ልጄ እኮ ትኬት ቆርጣልኛለች! ሲንጋፖር!»

«እና ቅዱሱን በሻንጣ ልትይዥው ነው?»

ኮንሶንግ ክንዱን ለቀቀች። «ለጊዜው ከሆነ» አለች፣ ድምጿን ለሁሉም እንዲሰማ ከፍ አድርጋ፣ «ለጊዜው ከሆነ እኔ ቅር አይለኝም። ለቅዱሱ ጤና ነው።»

በርሜሉን እኔ አንከባለልኩት፤ ቅዱሱን ኡስቲንግ ተሸከመው። ፔታንግ በሯ ላይ ቆማ ጠበቀችን። የቤቷ ቋሚ እንጨት ላይ ያለፉት ጎርፎች ያሰመሯቸው ቡናማ መስመሮች አሉ፤ የላይኛው ደረቴ ይደርሳል። ከእሱ በላይ መደርደሪያ አስመታችኝ። ምስሉን ራሷ አንስታ አስቀመጠችው፤ አቧራውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችለትና፣ «አንተም መጤ ነህ አሉ» አለችው በቀስታ። «ቁጭ በል።»

የቀሩትን ቀናት ጸሎቱ እዚያ ሆነ። ሴቶቹ በር ላይ ጎንበስ ብለው ነጠላ ጫማቸውን ሊያወልቁ ሲሉ፣ «ተዉት፣ ግቡ! ወለሉ ከእግራችሁ የተሻለ አይደለም!» አለቻቸው። ጸሎቱ በሰዓቱ ተጀምሮ በሰዓቱ አለቀ። ቶያንግ ገንፎዋን አመጣች፤ ፔታንግ ዓሣዋን አቀረበች። ማንግ ኡስቲንግ በድዱ እያላመጠ፣ «ትንሽ ጨው በዝቶበታል» አለና ሁለተኛውን አነሳ።

በበዓሉ ቀን ሳን ሮኬ በአበባ ያጌጠ ጀልባ ላይ ወጥቶ ሐይቁን ዞረ። ሞተሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ አንዴም አልታፈነም። ወደ የብስ ወርዶ በሰፈሩ መንገድ ሲያልፍ ግን ምስሉ የፔታንግን ጭስ በሚገባ ጠጥቶ ስለነበር የሰፈሩ ድመቶች ሁሉ ተሰልፈው ተከተሉት። ውሻ ይዞ የሚዞር ቅዱስ በድመት ሲታጀብ ያየነው ያን ዓመት ነው። ሞቻ ከፎቅ በረንዳ ላይ ሆና ተመለከተች፤ ከዚህ በላይ አስተያየት አልሰጠችም።

በማግስቱ ጆቬን ቫን ከነሾፌሩ ይዞ መጣ። እናቱ እንዳትንገላታ ከኋላ ፍራሽ አንጥፎበታል።

«ናናይ፣ ሻንጣው የታለ?» አላት እናቱን።

«አልጋው ሥር ነው።»

«እና አልተነሱም?»

ፔታንግ እጇ ሰጋቱራ ይዞ ነበርና በከንፈሯ ወደ መደርደሪያው ጠቆመችው። «እሱ ብቻውን አያድርም።»

ጆቬን ወደ ማንግ ኡስቲንግ ሄደ። «ማንግ ኡስቲንግ፣ ቅዱሱ እናቴ ጋ የሚቆየው እስከ መቼ ነው?»

«ለጊዜው ነው ልጄ።»

ጆቬን ሌላ አገር ያደገ ልጅ ቢሆን ይህ ያጽናናው ነበር። ግን እዚሁ ነው ያደገው። ከእሱ ወደ እኔ መጣና የማጣበቂያውን ባዶ ቱቦ ከሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አንስቶ ጽሑፉን አነበበ።

«ጋሼ ባኖ፣ በአንድ ሰዓት ይደርቃል ነው የሚለው።»

«እሱ ለደረቅ አገር ነው የተጻፈው።»

አየኝ። እኔም ካንዴላ መጥረግ ቀጠልኩ። ቱቦውን አስቀምጦ ወደ እናቱ ቤት ተመለሰ፤ መደርደሪያው የእኔ ሥራ ስለሆነ ብሎኑን ልፈትሽ ብዬ ተከተልኩት። ቋሚው እንጨት አጠገብ ቆሞ የላይኛውን መስመር በመዳፉ ይዳብስ ነበር።

«ውሃው እዚህ ድረስ ሲመጣስ ናናይ?» አላት። እዚህ ላይ ድምጹ የልጅ ድምጽ ሆነ። «እኔ ካቪቴ ሆኜ ምን ላድርግ?»

«ይገባል፣ ይወጣል። እስከዛሬ እንደዚያው ነው።»

«አባቴንም እንደዚያ ነው ያልነው።»

ፔታንግ በርሜሉን ከደነች። በበሩ በኩል ሐይቁን አየች፤ ዝናቡ ቆሞ ስለነበር ደሴቷ ከነቆርቆሮዎቿ ወጥታለች።

«አባትህ ያለው እዚያ ነው» አለች። «ከአልጋዬ ሆኜ አየዋለሁ፤ ያውም በየቀኑ። ካቪቴ ስሆን መስኮቱን ከፍቼ ማንን ልይ? የጎረቤትህን ግድግዳ?»

 ጆቬን ፍራሹን ከቫኑ አውርዶ አልጋዋ ላይ ደረበው፤ ሾፌሩን ይዞ ወጣ። ስለ ተናደደ የሄደ መስሎን ነበር። ከሰዓት በኋላ ቫኑ ጣውላና ወፍራም ቋሚ ጭኖ ተመለሰ። ሁለት ቀን ሥራውን ትቶ እዚሁ አደረ፤ እኔ ብረቱን በየድኩለት፣ ወለሉን ከላይኛው መስመር በላይ ከፍ፣ ወደ ጎንም ሰፋ አድርገን ከነደረጃው ሠራነው። የዚያን ጊዜ ጀልባቸውን ያላወጡት ሽማግሌዎች ሳይጠሩ መጡ። ሚስማር ያቀብላሉ፣ ያለ ቦታው ይመታሉ፣ ምክር ይሰጣሉ። ማናችንም አልመለስናቸውም። ሲጨርሱ ለእያንዳንዳቸው ፔታንግ ዓሣ ጠቅልላ ሰጠቻቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው ተቀበሉ።

ማንግ ኡስቲንግ ኃላፊነቱን የማይረሳ ሰው ስለሆነ፣ በየወሩ መጨረሻ «ጣቱ ደረቀ?» ይለኛል። ሄጄ በጥፍሬ አንኳኳዋለሁ። ሚስማር ቢመቱበት ሚስማሩ ነው የሚጣመመው።

«ገና ነው» እለዋለሁ።

«ቆየት ይላል ብለህ ነበር።»

«ብዬ ነበር።»

ባለፈው ሳምንት ነፋሱ ከደሴቷ በኩል ዞረ። እምቦጩ ጥቅጥቅ ብሎ መጣ፣ ወደቡን ዘጋ፣ ሞተር ሁሉ ቆመ፤ እኔም ሥራ በዛልኝ። ማንግ ኡስቲንግ እንደ ልማዱ በሩ ላይ ወጣና እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ፦

«ፔታንግ! ዘመዶችሽ መጡልሽ!»

ፔታንግ ከአዲሱ ደረጃ ጫፍ ላይ፣ ከሁላችንም ከፍ ብላ ቆማ፣ ሰጋቱራዋን ከእጇ አራገፈች።

«ግቡ በሏቸዋ!» አለች። «ቤቱ ሰፍቷል!»